ኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስካችንን አላነብ ሲል፦ «ፎርማት» ከማለታችን በፊት



የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ ከዶርም ዶርም የሚዞር አንድ ጥያቄ አለ፦ «ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኬን ላፕቶፑ አላነብ አለኝ፤ ምን ላድርግ?» ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፦ «ፎርማት አድርገው!» ይህ መልስ ዲስኩን ሊያስነሳው ይችል ይሆናል፤ በውስጡ ያለውን የዓመታት ልፋት ግን ሊያሳጣን ይችላል። ዲስክ በገንዘብ ይተካል፤ የተሰበሰበ መጠይቅ፣ የተጻፈ ምዕራፍ፣ የቤተሰብ ፎቶ ግን አይተካም። ስለዚህ የምንወስደው እርምጃ ሁሉ መጀመሪያ ፋይሉን፣ ከዚያ በኋላ ዕቃውን ለማዳን መሆን አለበት።

ዲስኩ «አልታየም» ማለት «ተበላሽቷል» ማለት አይደለም። ችግሩ ከኤሌክትሪክ፣ ከኬብል፣ ከኮምፒውተሩ አሠራር፣ ከፋይሎቹ አደረጃጀት ወይም ከራሱ ከዲስኩ ሊመጣ ይችላል። ከቀላሉ ወደ ከባዱ እየሄድን እንመርምር።

1. እናዳምጥ

ዲስኩን ሰክተን መብራቱ መብራቱን እንይ፤ በእጃችን ነካ አድርገን መዞሩን እናረጋግጥ። ለስላሳ የማያቋርጥ ድምፅ ደህና ምልክት ነው። «ጠቅ፣ ጠቅ» እያለ ተነስቶ የሚቆም ከሆነ ግን ወይ የኃይል እጥረት አለ፣ ወይ የውስጥ ማንበቢያው ተጎድቷል። ኬብልና ማስገቢያ ቀይረን ድምፁ ካልቆመ ወዲያውኑ እንንቀለው። ደጋግመን በሰካነው ቁጥር ማንበቢያው መረጃው የተጻፈበትን ገጽ እየፋቀው ሊሄድ ይችላል። ክዳኑን ከፍተን ለማየትም አንሞክር፤ ማንበቢያው ከገጹ የሚርቀው እጅግ በጣም በትንሹ ስለሆነ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ትበቃዋለች። «ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው» የሚለውን ምክርም እንተወው፤ ቅዝቃዜው እርጥበት ያመጣበታል።

2. ኃይሉንና ኬብሉን እንፈትሽ

በኪስ የሚያዙት ትንንሾቹ ዲስኮች ኃይል የሚያገኙት ከኮምፒውተሩ ብቻ ነው። የቀድሞው ዩኤስቢ 2.0 እስከ 500 ሚሊ አምፔር፣ ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ እስከ 900 ሚሊ አምፔር ይሰጣል። ስለዚህ ባረጀ ማስገቢያ ላይ፣ ወይም ማውስና ፍላሽ በተሰኩበት ማከፋፈያ ላይ ዲስኩ ኃይል ሊያጥረው ይችላል። ማከፋፈያውን ትተን በቀጥታ እንሰካው፤ በዴስክቶፕ ከሆነ ከፊት ይልቅ ከኋላ ባለው ማስገቢያ እንሞክር። ትልልቆቹ ዲስኮች ደግሞ የራሳቸው አዳፕተር ስላላቸው እሱ መሥራቱን እናረጋግጥ።

ቀጥሎ ከጓደኛ ኬብል ተውሰን እንሞክር። አንዳንድ የስልክ ኬብል ቻርጅ ብቻ ያደርጋል እንጂ መረጃ አያስተላልፍም፤ መብራቱ በርቶ ዲስኩ ሳይታይ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከዚያ ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ እንሰካው። እዚያ ከሠራ ችግሩ የኛ ላፕቶፕ ነው፤ እዚያም ካልሠራ ዲስኩ ራሱ ወይም ይዘቱ ላይ ነው። ይህች ቀላል ሙከራ ግማሹን ግምት ታስቀርልናለች።

3. ዊንዶውስ ምን እንደሚያይ እንመልከት

«ዚስ ፒሲ» ውስጥ ያልታየ ዲስክ ሌላ ቦታ ሊታይ ይችላል። የስታርት ምልክቱን በቀኝ ክሊክ ነክተን «ዲስክ ማኔጅመንት» የሚለውን እንክፈት። ዲስኩን ነቅለንና መልሰን ሰክተን የሚጨመረው የትኛው እንደሆነ እንለይ፤ አለዚያ ተሳስተን የላፕቶፑን ዲስክ እንነካለን። ከአራቱ አንዱን እናያለን፦

ሀ. ዲስኩ ጤነኛ ነው ይላል፣ ግን መለያ ፊደል የለውም። በቀኝ ክሊክ ነክተን የድራይቭ ፊደል መቀየሪያውን እንምረጥና ያልተያዘ ፊደል እንስጠው። ይህ ፋይሎቹን አይነካም።

ለ. «ራው» ይላል፣ ወይም ፎርማት እንድናደርግ ይጠይቃል። ዊንዶውስ የፋይሎቹን አደረጃጀት ማንበብ አልቻለም ማለት ነው። ፋይል እየተገለበጠ ሳለ መብራት ሲጠፋ ወይም ዲስኩ ሲነቀል ይህ ይከሰታል። ዲስኩ በማክ ወይም በሊኑክስ ፎርማት የተደረገ ከሆነም ዊንዶውስ በራሱ አያነበውም፤ በዚያው ዓይነት ኮምፒውተር ሲሰካ ግን ይከፈታል። ስለዚህ «ካንስል» ብለን፣ ዲስኩ ቀድሞ የት ይሠራበት እንደነበር እንጠይቅ።

ሐ. «አንአሎኬትድ» የሚል ጥቁር መስመር ያሳያል፣ ወይም «ኢኒሻላይዝ» እናድርግ ይላል። ዲስኩ አዲስ ከሆነ ችግር የለውም። ፋይል የነበረበት ከሆነ ግን አሁንም «ካንስል» እንበልና ወደ 4ኛው ነጥብ እንሂድ።

መ. ጨርሶ የለም። «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ ቢጫ ምልክት ካለበት «አንኢንስቶል» ብለን፣ ዲስኩን ነቅለን፣ ኮምፒውተሩን አስነስተን መልሰን እንሰካው፤ ዊንዶውስ ድራይቨሩን እንደገና ይጭናል። በየትኛውም ኮምፒውተር ካልታየ የተበላሸው የማገናኛው ቦርድ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ለባለሙያ እናሳይ። በአንዳንዱ ሽፋን ውስጥ ያለው ተራ የኮምፒውተር ዲስክ ነው፤ አውጥቶ በሌላ ማገናኛ ማንበብ ይቻላል። አንዳንዱ ግን ቦርዱ ራሱ ፋይሉን ስለሚቆልፈው ይህ መንገድ አይሠራም።

4. መጀመሪያ እንገልብጥ፣ ከዚያ እንጠግን

ዲስኩ ለአፍታም ቢሆን ከተከፈተልን ጥገናውን ትተን በጣም አስፈላጊ የሆነውን ፋይል ቀድመን እንገልብጥ። «ቼክ ዲስክ» የፋይሎቹን አደረጃጀት ስለሚለውጥ ፋይሉ ከመትረፉ በፊት አንጠቀመው። «ራው» ወይም «አንአሎኬትድ» ለሚል፣ ግን ድምፁ ደህና ለሆነ ዲስክ፣ ቴስትዲስክና ፎቶሬክ የተባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። የተገኘውን ፋይል ሁልጊዜ ሌላ ዲስክ ላይ እናስቀምጥ፤ እዚያው ላይ ከጻፍን ገና ያልወጣውን እናጠፋዋለን።

ፎርማት ተደርጎ ከሆነስ? «ኩዊክ ፎርማት» ከሆነ የጠፋው በአብዛኛው ማውጫው ነው፤ አዲስ ነገር ካልጻፍንበት ይዘቱን የማግኘት ተስፋ አለ። ሙሉው ፎርማት ግን ይዘቱን በዜሮ ስለሚሸፍነው መመለሻ የለውም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን የሚለቀምም ላይኖር ይችላል።

5. የሰው ዲስክ አማና ነው

ከመካከላችን በኮምፒውተር የምንታወቅ ብዙ ዲስክ ይመጣልናል። ባለቤቱ ሳይፈቅድ ምንም አናጥፋ፤ ከተጠየቅነው ውጪ ፋይል አንክፈት፤ ለማዳን የገለበጥነውን ካስረከብን በኋላ ከላፕቶፓችን እናጥፋ። ከአቅማችን በላይ ሲሆንም «አልችለውም» ብሎ በጊዜ መመለስ ትልቅ እርዳታ ነው።

6. ሳይቃጠል በቅጠል

የታወቀው የጥንቃቄ ደንብ 3፣ 2፣ 1 ይባላል፦ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱ ከምንኖርበት ውጪ። ለተማሪ ይህ ከባድ አይደለም፤ አንዱ ላፕቶፕ ላይ፣ አንዱ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ኢንተርኔት ላይ ይሁን። የጉግል አካውንት 15 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው። ኔትወርክ ሲደክም እንኳ ለራሳችን በኢሜይል መላክ እንችላለን። ዲስኩን ስንነቅልም «ኢጀክት» ብለን ይሁን፤ እየዞረ ሳለም አናንቀሳቅሰው።

ይህን አንብበን ስንጨርስ አንድ ነገር እናድርግ፦ ዛሬ የምንሠራበትን ፋይል ሁለተኛ ቦታ ላይ እናስቀምጥ። ነገ ዲስኩ አላነብ ቢል ጭንቀታችን ስለ ዕቃው ብቻ ይሆናል፣ ኢንሻአላህ።