በበዓል ገበያ ስለሚሆን ግፊያ

አንባቢ ሆይ፤ በዓል በቀረበ ጊዜ ወደ ገበያ መውጣት ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ልጆች አዲስ ልብስ ይጠብቃሉ፤ እናት ስለ ሽንኩርቱና ስለ ቅቤው ታስባለች፤ አባትም ኪሱን ይዳስሳል። ነጋዴውም ዕቃውን ከፍ አድርጎ ሰቅሎ ዋጋ ቀነስሁ እያለ ይጣራል። ይህን ደስታ የሚነቅፍ ሰው ቢኖር እኔ ከእርሱ ጋር አልስማማም፤ ለቤተ ሰቡ ብሎ በርካሽ የሚገዛ ሰው ብልህ ነው እንጂ በደለኛ አይደለምና። ይህ ትምህርት ስለ ዕቃው አይደለም፤ ዕቃውን ቀድሞ ለማግኘት ሰው ሰውን ስለሚገፋበት ግፊያ ነው። ግፊያውም በአሜሪካ አገር በአንድ ማለዳ ሰው እስከ መግደል ደርሷልና፥ ነገሩን ከመጀመሪያው እንመልከት። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናል።

በዚያ አገር በኖቬምበር ወር በአራተኛው ሐሙስ የምስጋና ቀን የሚባል በዓል አለ። ቤተ ዘመድ በአንድ ማዕድ ተሰብስቦ ስለ ተቀበለው በረከት ያመሰግናል። በማግሥቱ ዓርብ ግን ለልደት በዓል የሚሆነው ገበያ ይጀመራል፤ መደብሮችም ዋጋቸውን እጅግ ዝቅ ያደርጋሉ። ምስጋናውና ገበያው ከተጣበቁ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል። በ1939 ዓ.ም. በዓሉ በኖቬምበር 30 ቀን ሊውል በሆነ ጊዜ፥ ነጋዴዎች እስከ ልደት ያለው የመሸጫ ጊዜ አጠረብን ብለው ለመንግሥት አመለከቱ፤ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትም በዓሉን በአንድ ሳምንት አስቀድመው በ23 ቀን እንዲውል አደረጉ። ከግዛቶቹ አንዳንዶቹ ተቀበሉ፥ ሌሎቹም እንቢ አሉ፤ ስለዚህ በአንድ አገር ሁለት የምስጋና ቀን ሆነ። ክርክሩ የተቈረጠው በ1941 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ነው።

ያንን ዓርብ ጥቁር ዓርብ ይሉታል። ብዙ ሰዎች ስሙ የመጣው ነጋዴ ከኪሳራ ወጥቶ ትርፉን በጥቁር ቀለም ስለሚጽፍበት ነው ይላሉ፤ ይህ ግን ኋላ የመጣ ትርጓሜ ነው። አስቀድመው በዚህ ስም የጠሩት በ1950ዎቹ ዓመታት የፊላደልፊያ ከተማ ፖሊሶች ናቸው። ገበያተኛውና በቅዳሜ የሚደረገውን የጦር ተማሪዎች የኳስ ግጥሚያ ሊያይ የመጣው እንግዳ በአንድነት መንገዱን ሞልተው ስለሚያስጨንቁ፥ ፖሊሶቹ ዕረፍት ተከልክለው ረጅም ሰዓት ይቆሙ ነበር። ነጋዴዎቹ ስሙን ጠልተው በ1961 ዓ.ም. ታላቁ ዓርብ ሊያሰኙት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ለእኔስ ከነጋዴው ይልቅ በመንገድ ላይ የቆመው ሰው ቀኑን በትክክል የሰየመው ይመስለኛል።

እንግዲህ ግፊያው ከምን ይመጣል? ነጋዴው ብዙ ዋጋ የሚያወጣውን ቴሌቪዥን በግማሽ ዋጋ እሸጣለሁ ብሎ ያስታውቃል፤ የዚያ ዕቃ ቍጥር ግን ጥቂት ነው፥ የሚያገኘውም ቀድሞ የገባ ነው። ሕዝቡም ይህን ስለሚያውቅ በሌሊት፥ አንዳንዱም ከዋዜማው ጀምሮ፥ በብርድ በደጅ ይሰለፋል። በመጀመሪያ ነገሩ መልካም ነው፤ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ይጫወታል፥ ቡና ይካፈላል፥ ተራውን ይጠብቅለታል። በሩ ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው ግን በሌሊት ባልንጀራ የነበረው በማለዳ ባላጋራ ይሆናል። ይህም የገበያተኛው ክፋት ብቻ አይደለም፤ ለብዙ ሰው ጥቂት ዕቃ አቅርቦ ፈጥናችሁ ድረሱ የሚለው ነጋዴም ድርሻ አለው።

በ2008 ዓ.ም. በኖቬምበር 28 ቀን፥ በኒው ዮርክ ግዛት ቫሊ ስትሪም በምትባል ስፍራ፥ ሁለት ሺህ ያህል ሰው በአንድ ትልቅ መደብር ደጅ ተሰብስቦ ነበር። በሩ የሚከፈተው ከሌሊቱ በ11 ሰዓት ነበር። ሰዓቱ ሳይደርስ ሕዝቡ የመስታወቱን በር ይጫን ጀመር፤ ሠራተኞቹም ከውስጥ ሆነው በሩን ደገፉ፤ በመጨረሻም በሩ ተሰበረ። ለበዓሉ ሰሞን የተቀጠረ የ34 ዓመት ሰው፥ ረጅምና ግዙፍ ስለ ሆነ በመግቢያው አቁመውት ነበርና፥ ወደቀ፤ ሕዝቡም በላዩ ሄደበት። ሊያነሡት የሞከሩት የሥራ ጓደኞቹም ተገፉ። ሰውየው ሞተ፤ የሞቱም ምክንያት ትንፋሽ ማጣት ሆኖ ተገኘ። ሌሎችም ተጎድተው ወደ ሐኪም ቤት ተወሰዱ፥ ከእነርሱም አንዲቱ እርጉዝ ነበረች። ሰው ስለ ሞተ መደብሩ ይዘጋል፥ ውጡ በተባለ ጊዜም፥ ከትናንት ጀምረን ተሰልፈናል ብለው መግዛታቸውን ያልተዉ ሰዎች እንደ ነበሩ በስፍራው የነበሩት መሰከሩ።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጀመሪያ ተቈጣሁ። ቆይቼ ግን ራሴን ጠየቅሁ፦ ከሁለቱ ሺህ መካከል ሰው ልግደል ብሎ ከቤቱ የወጣ ማን ነው? አንድም የለም። ሰውየው ግን ሞቷል።

የሕዝብን ግፊያ የመረመሩ ሊቃውንት የሚሉት እንዲህ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ስፍራ ስድስትና ሰባት ሰው ሲቆም፥ እያንዳንዱ እንደ ፈቃዱ መራመድ አይችልም፤ ሕዝቡ እንደ ውኃ ወዲያና ወዲህ ይናወጣል። ከኋላ ያለው በጥቂቱ ይገፋል፤ ከእርሱ ፊት ያለውም የተቀበለውን የራሱን ጨምሮ ያስተላልፋል፤ ከፊት በደረሰ ጊዜ ብረት የሚያጣምም ኃይል ይሆናል። በዚህም የሚሞቱት አብዛኞቹ በእግር ተረግጠው አይደለም፤ ቆመው ሳሉ እንኳ ደረታቸው ተጨንቆ አየር መሳብ ስላቃታቸው ነው። ትንፋሽ ያጣ ሰው ደግሞ መጮኽ አይችልም። ስለዚህ ከኋላ ያለው ከፊቱ ጩኸት ስላልሰማ ሁሉ ደኅና ነው ብሎ መግፋቱን ይቀጥላል።

በወንበዴዎች ተደብድቦ በመንገድ ዳር የወደቀውን ሰው ትተው ያለፉትን ካህንና ሌዋዊ ሁላችን እንነቅፋለን። እነርሱ ግን የወደቀውን አይተውታል። በገበያ የሚገፋ ሰው የሚጎዳውን ፈጽሞ አያየውም፤ አሥር ወይም ሃያ ሰው በመካከላቸው አለና። አላየሁም የሚለው መልስ በዚህ ስፍራ እንዴት ይበቃል? ከፊቴ ሰው እንዳለ አውቅ ነበርና።

በ2009 ዓ.ም. የመደብሩ ባለቤት በኒው ዮርክ ግዛት ባሉት መደብሮቹ ሁሉ ሕዝብ የሚያስተናግድበትን ሥርዓት ሊያሻሽል ከዐቃቤ ሕጉ ጋር ተስማማ። የሠራተኞችን ደኅንነት የሚጠብቀው መሥሪያ ቤትም 7,000 ዶላር ቀጣው፤ እርሱም እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ተከራከረ። ቅጣቱ ለእንዲህ ያለ ባለጠጋ ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢ ራሱ ይመዝን። ያው መሥሪያ ቤት ለነጋዴዎች ያወጣው ምክር ግን ለማንኛውም ገበያ የሚጠቅም ነው፦ ሰልፉን በአጥር ለይቶ ከበሩ ራቅ አድርጎ ማስጀመር፥ ለመጡት እንደ አመጣጣቸው ቍጥር መስጠት፥ ዕቃው ባለቀ ጊዜም አልቋል ብሎ በግልጥ መናገር።

ዛሬ በዚያ አገር ብዙ ሰው በኢንተርኔት ስለሚገዛ የደጁ ግፊያ ቀንሷል፤ ከ2020 ዓ.ም. ጀምሮም በሐሙስ ማታ ይከፍቱ ከነበሩት ታላላቅ መደብሮች ብዙዎቹ በበዓሉ ቀን ይዘጋሉ። በእኛ አገር ግን በፋሲካ ዋዜማ ወደ መርካቶ የወረደ ሰው ይህ ትምህርት ሩቅ አይሆንበትም። ኩሊው ከባድ ሸክም ተሸክሞ መንገድ ልቀቁ ይላል፤ በግ የሚጎትተው ይመጣል፤ ከጥጉም አንዲት ሴት እንቍላሏን በጭድ ላይ ደርድራ በመሬት ተቀምጣለች። ሕዝቡ ሲናወጥ አስቀድሞ የሚደርሰው በእርስዋ ላይ ነው። የተሰበረውንም እንቍላል የሚከፍላት የለም፤ ሁሉም ተገፍቼ ነው ይላልና።

እንግዲህ ወዳጄ ሆይ፥ በእንዲህ ያለ ስፍራ ብትገኝ ልጅህን ከመሬት አንሥተህ ታቀፈው። ጭንቀቱ ቢበዛብህ ክንድህን በደረትህ ፊት አድርገህ ለትንፋሽህ ቦታ ጠብቅ፤ የሚገፋህን መልሰህ አትግፋ፥ ግፊያው ጋብ ባለ ቍጥር በአግድም ወደ ዳር ውጣ። ከኋላ ከሆንህና ሰልፉ በድንገት ቢቆም፥ ስለ ምን ቆመ ብለህ ጠይቅ እንጂ አትጫን። ከፊትም ሰው ወድቋል የሚል ቃል ቢመጣ፥ እውነት መሆኑን እስክታይ አትጠብቅ፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላህ ተመለስ፥ ከኋላህ ላለውም እንዲሁ ያደርግ ዘንድ ንገረው።