የአቅኚዋ ቅድመ አያት አባት ማን ነበር?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አሜሪካዊ ነው። አንዲት ቅድመ አያቱ በ1852 እ.ኤ.አ. ከባሏ ጋር በበሬ ሠረገላ ኦሪገን እንደገባች ይነገራል። ከባሏ ስም ሌላ የምናውቀው የለም። ለልጆቻችን የዘር ሐረጓን እንዴት እንፈልግላቸው?

መልስ፦ እኛ ዘንድ ሴት ብታገባም በአባቷ ስም ትጠራለች፤ እዚያ ግን በልማድ የባሏን የቤተሰብ ስም ስለምትወስድ የአባቷ የቤተሰብ ስም ከብዙ መዝገቦች ይጠፋል። ስለዚህ ከልጆቿ ጀምሩ። ከ1900 ወዲህ የሞቱ ካሉ፣ የሞት ምስክር ወረቀታቸው ላይ የእናት የትውልድ ስም ሊኖር ይችላል።

ቀጥሎ የመሬት ሰነድ ፈልጉ። በ1850 የወጣው የኦሪገን የመሬት ስጦታ ሕግ፣ በ1852 ለገቡ ባልና ሚስት 320 ኤከር ሲሰጥ ግማሹ በሚስት ስም ነበር። ስለዚህ የመሬት ጥያቄው ፋይል ብዙውን ጊዜ የት፣ መቼ እንደተጋቡ ይገልጻል። በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። ቦታው ከታወቀ የዚያን ወረዳ የጋብቻ መዝገብ ጠይቁ፤ ከማግባቷ በፊት የነበራትን የቤተሰብ ስም እዚያ ልታገኙ ትችላላችሁ።

በመጨረሻ በዚህ ስም ወላጆቿን ለመፈለግ ወደ 1850 የሕዝብ ቆጠራ ሂዱ፤ ነጻ ሰዎችን ሁሉ በየስማቸው የመዘገበ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በፊት ያሉት የቤቱን አባወራ ብቻ ይጠራሉ። ስሟ ብቻ ስለተመሳሰለ አትቀበሉ፤ ዕድሜዋንና የትውልድ ቦታዋን አመሳክሩ።