ከመንጋጋ ቀዶ ሕክምና በኋላ ማቅለሽለሽንና ማስመለስን እንዴት እንከላከል?



የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ አልገጥም ሲል ሐኪሞች አጥንቱን በቀዶ ሕክምና ያስተካክላሉ። ይህም አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው የአጥንት እድገት ካበቃ በኋላ በወጣትነት ዕድሜ ነው።

ለምን ያስመልሳል?

በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የተዋጠ ደም ጨጓራን ያውካል። በትንፋሽ የሚሳብ የማደንዘዣ ጋዝና እንደ ሞርፊን ያሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎችም ያባብሱታል። መንጋጋው በላስቲክ ወይም በሽቦ ከታሰረ ትውከቱ በቀላሉ ስለማይወጣ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ጥንቃቄው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይጀምራል።

ይበልጥ የሚያሰጋቸው እነማን ናቸው?

1. ሴቶች
2. ሲጋራ የማያጨሱ (ይሁን እንጂ ለዚህ ተብሎ ማጨስ አይጀመርም!)
3. መኪና ላይ የሚያስመልሳቸው ወይም ከቀድሞ ቀዶ ሕክምና በኋላ ያስመለሳቸው
4. ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጠንካራ ማስታገሻ የሚወስዱ

ከአራቱ አንዱም ከሌለ ከ100 ሰዎች 10 ያህሉን፣ አራቱም ካሉ 80 ያህሉን ያቅለሸልሻቸዋል ወይም ያስመልሳቸዋል።

የማደንዘዣ ሐኪሙ («መርዲም») ምን ማድረግ ይችላል?

• በጋዝ ፈንታ ፕሮፖፎል የተባለውን መድኃኒት በደም ሥር መስጠት
• እንደ ኦንዳንሴትሮንና ዴክሳሜታዞን ያሉ መከላከያ መድኃኒቶችን መጨመር። እያንዳንዳቸው ስጋቱን በሩብ ያህል ይቀንሳሉ፤ ዴክሳሜታዞን እብጠትንም ያስታግሣል። ነገር ግን ስኳርን ከፍ ስለሚያደርግ የስኳር ሕመምተኛ አስቀድሞ ይናገር።
• መንጋጋውን በመርፌ በማደንዘዝና ፓራሴታሞል በመስጠት የሞርፊኑን መጠን መቀነስ
• ሕመምተኛው ከመንቃቱ በፊት በጨጓራው ያለውን ደም መምጠጥ

የእናንተ ድርሻ

የማደንዘዣ ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሲጠይቃችሁ «እሱ ያውቃል» ብላችሁ ዝም አትበሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ልጃችሁን መኪና ያስመልሰው እንደሆነ፣ ከቤተሰቡም ከማደንዘዣ በኋላ የታመመ ካለ ንገሩ። የሚወስደውን የባህል መድኃኒትም አትሸሽጉ። ቋንቋው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ።

ወደ ቤት ከመመለሳችሁ በፊት ላስቲኩ ወይም ሽቦው በአደጋ ጊዜ እንዴት እንደሚቆረጥ ተማሩ፤ መቁረጫውም ከሕመምተኛው አይራቅ። ቢያስመልሰው ቀና አድርጋችሁ ወደ ፊት አጎንብሱት፤ ትውከቱ በጥርሱ መካከልና በጉንጩ በኩል ይወጣል። ሐኪሙ ሲፈቅድ ቀጭን፣ የተጣራ አጥሚት በጥቂት በጥቂቱ ስጡት።

ትንፋሽ ካጠረው ወይም ብዙ ትኩስ ደም ካስመለሰው ሳትዘገዩ ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም በ101 ደውሉ።