የሙያ ማኅበር በር ለማን ይከፈት?

ጥያቄ፦ በሐዋሳ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። የሙያ ማኅበራችን ጉባኤ ሁልጊዜ አዲስ አበባ ስለሚካሄድ ሕፃን ልጄን ይዤ መሄድ ይከብደኛል፤ በሄድኩ ጊዜም የሚናገሩት አንጋፋዎቹ ብቻ ናቸው። እዚህ ቅርንጫፍ ብናቋቁም ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ከቦታውና ከሰዓቱ ይጀምሩ። አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ትራንስፖርቱና የአልጋው ኪራይ ለጀማሪ መምህር ደመወዝ ይከብዳል። ሐዋሳ የግብርና ኮሌጁ በ1976 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ወዲህ ተመራማሪ ያላጣች ከተማ ስለሆነች ጉባኤውን በተራዋ ልታስተናግድ ይገባታል። የማጥቢያ ክፍል ይዘጋጅ፤ ውይይቱም ከሥራ ሰዓት አይለፍ።

የሚከብደው የንግግሩ ጉዳይ ነው። ታላቅን ማክበር ወጋችን ነው፤ ነገር ግን ወጣቱ አንጋፋውን መጠየቅ ካልደፈረ ስህተቱ ሳይታረም ያልፋል። ስለዚህ ሰብሳቢው የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ይስጥ፤ ከሁሉም የማስቀድመው ይህን ነው። ሴቶችን ለጸሐፊነት ብቻ መጠቆምም ይብቃ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ፕሮፌሰር የሆኑት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ያለምፀሐይ መኮንን የእርስዎው ዘርፍ ምሁር ናቸው።

አዳራሹ ዊልቸር የሚያስገባ፣ የተማሪዎች የአባልነት መዋጮም አነስተኛ ይሁን።