ምዕራፍ 6፦ ቀላል ብስክሌት፣ በቂ ውኃ

ሎጊያ ከአፋር ክልል ርዕሰ ከተማ ከሰመራ አጠገብ የምትገኝ፣ የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች የሚያርፉባት የቆላ ከተማ ናት። በአስፋልቱ ለሚነዳ ብስክሌተኛ ዋናው ስጋት ከባድ መኪናና የፊት ነፋስ ነው። ከአስፋልቱ ወርዶ በግመል መንገድ ወደ ሜዳው የሚገባ ሰው ግን ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል፦ ስለታም ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ እንደ ዱቄት የላመ አቧራ፣ ፕሮሶፒስ የተባለው ወራሪ ዛፍ እሾህ፣ በግንቦትና በሰኔ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ ሙቀት። በዚህ ምድር ረጅም መንገድ ለመሄድ ያሰበ ሰው ከፍጥነት በፊት ሊያስብበት የሚገባው ውኃውን ነው። ይህ ምዕራፍም በአንድ መመሪያ ላይ ይቆማል፦ ከብስክሌቱ ላይ የሚቀነስ እያንዳንዱ ኪሎ ለአንድ ሊትር ውኃ ቦታ ይለቃል።

በአገራችን የብስክሌት ስፖርት ታሪክ በአብዛኛው የአስፋልት ታሪክ ነው። ብስክሌተኞቻችን እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ ተወዳድረዋል። ጽጋቡ ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ስለዚህ ብስክሌት እንምረጥ ስንል ቶሎ የሚቀናን በአስፋልት ውድድር ሚዛን መመዘን ነው። ለሜዳውና ለድንጋዩ ግን ሌላ ሚዛን ያስፈልጋል።

የኋላ አሞርዛተር ለምን ይቅር?

የተራራ ብስክሌት በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከፊትም ከኋላም አሞርዛተር አለው፤ ሌላው ከፊት ብቻ አለው፣ ኋላው ደረቅ ነው። ለረጅም የቆላ ጉዞ የምመክረው ሁለተኛውን ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ክብደት ነው። የኋላ አሞርዛተር ከነመገጣጠሚያዎቹ ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ይጨምራል። ሁለተኛው አቧራ ነው። ኋላው የሚንቀሳቀስ ፍሬም ብዙ ኩሽኔታዎች አሉት፤ የአዋሽ ሸለቆ ደቃቅ አቧራ ደግሞ ቀስ በቀስ ገብቶ ይበላቸዋል። ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የማያስበው ነው፦ ኋላው ደረቅ በሆነ ብስክሌት የፍሬሙ መሐል ባዶ ስለሆነ፣ ትልቅ የውኃ ከረጢት እዚያው ይገባል። ከባዱ ጭነት ዝቅ ብሎ መሐል ላይ ሲቀመጥ ብስክሌቱ በድንጋይ ላይ አይዋዥቅም።

ይህ ምርጫ የእኛ ብቻ አይደለም። ከካናዳዋ ባንፍ ተነስቶ እስከ ሜክሲኮ ድንበር 4,400 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚዘልቀው የቱር ዲቫይድ ጉዞ ላይም ብዙዎች የሚይዙት ኋላው ደረቅ የሆነ ብስክሌት ነው።

ኪሎው ምን ያተርፋል?

ርካሽ የብረት የተራራ ብስክሌት ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 17 ኪሎ ይመዝናል። ደህና የአሉሚኒየም ብስክሌት ከ12 እስከ 14፣ የካርቦን ፋይበር ደግሞ ከ9 እስከ 11 ኪሎ አካባቢ ነው። የሦስት ኪሎ ልዩነት ለፍጥነት ምን ይጠቅማል? እስቲ እናስላው።

ከሚሌ ወደ ባቲ ሲወጣ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ከፍታ አለ። ነጂው፣ ብስክሌቱና ጓዙ በድምሩ 100 ኪሎ ቢሆኑ፣ ሦስት ኪሎ መቀነስ የአቀበቱን ድካም በ3 በመቶ ያህል ያቀላል። ሦስት ሰዓት በሚፈጅ አቀበት ላይ ትርፉ አምስት ደቂቃ ገደማ ነው። በሎጊያና በዱብቲ ሜዳማ መሬት ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል፤ እዚያ ጉልበት የሚበላው ነፋሱና አሸዋው ነው።

ያው ሦስት ኪሎ ወደ ውኃ ሲመነዘር ግን ሦስት ሊትር ይሆናል። በቆላ ሙቀት የሚደክም ሰው በሰዓት አንድ ሊትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያልባል። ስለዚህ ቀላል ብስክሌት የሦስት ሰዓት መጠጥ ያስይዛል ማለት ነው። በአሸዋ ውስጥ ብስክሌቱን መግፋት፣ በደረቅ ወንዝ ገደል ላይ ተሸክሞ መውጣት ሲመጣም ጥቅሙ በትከሻ ላይ ይታወቃል።

ከየት ይቀነስ?

አሜሪካዊው የብስክሌት ሠሪ ኪት ቦንትሬገር ጥንካሬ፣ ቅለትና ርካሽነት አንድ ላይ አይገኙም፣ ሁለቱን ብቻ ምረጡ በሚል ምክሩ ይታወቃል። ሰው ለሌለበት ሜዳ ጥንካሬ የግድ ነው። ቀሪው ጥያቄ ገንዘብዎ የት ላይ ቅለት ይግዛ የሚለው ነው።

መጀመሪያ ከፊት አሞርዛተር ይቀንሱ። በርካሽ ብስክሌት ላይ የሚገጠመው ባለ ስፕሪንግ አሞርዛተር ከሁለት ተኩል ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ በአየር የሚሠራው አንድ ተኩል ወይም ሁለት ኪሎ ነው። መንገድዎ በአብዛኛው ጠጠርና ሜዳ ከሆነ አሞርዛተር የሌለው ደረቅ ፎርክ ከዚያም ይቀላል፣ የሚበላሽም ነገር የለውም።

ሁለተኛ፣ ከማርሽ ይቀንሱ። ከፊት አንድ ማርሽ ብቻ፣ ከኋላ ሰፊ ማርሽ ያለው ብስክሌት ቀላል ነው፤ አቧራ የሚይዘው ክፍልም ይቀንሳል። ካቴናውን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው፣ አቧራ የማይስብ ደረቅ ቅባት ይቀቡት።

ለጎማና ለቸርኬ ግን አይሰስቱ። ስስ ጎማ ጥቂት መቶ ግራም ያድንና በስለታም ድንጋይ ጎኑ ይቀደዳል። ስፋቱ ከ2.2 እስከ 2.4 ኢንች የሆነ፣ ጎኑ የተጠናከረ ጎማ ይምረጡ። ፍሬንም በሽቦ የሚሠራ ዲስክ ይሁን፤ የዘይት ፍሬን ኃይለኛ ቢሆንም፣ ሲፈስ ትክክለኛውን ዘይት በቆላ ከተማ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ፍሬሙን በተመለከተ፣ አሉሚኒየም ለብዙ ሰው መካከለኛው መንገድ ነው። ሲሰበር ግን ተራ በያጅ አይበይደውም። ከሰው ርቀው ለብዙ ቀን የሚጓዙ ከሆነ፣ አንድ ኪሎ ቢከብድም ጥሩ የብረት ፍሬም ይሻላል፤ ጥንቃቄ የሚያውቅ በያጅ ሊያድነው ይችላል።

እሾሁን ማሸነፍ

በደርግ ዘመን ወደ አዋሽ ሸለቆ የገባው ፕሮሶፒስ ዛሬ ሰፊ ግጦሽ ወርሷል። እሾሁ ተራ የውስጥ ጎማን በቀላሉ ይበሳል። መፍትሔው የውስጥ ጎማ የሌለው፣ ፈሳሽ መድፈኛ የሚሞላበት ጎማ ነው፤ ትንሽ ቀዳዳ ሲከፈት ፈሳሹ ወዲያው ይደፍነዋል። ነገር ግን በሙቀት ቶሎ ስለሚደርቅ፣ ከእያንዳንዱ ረጅም ጉዞ በፊት መኖሩን ይፈትሹ።

መጠባበቂያ የውስጥ ጎማና መንፊያም አይለዩዎት። የተበሳ ጎማ ሲጠግኑ በጣት አይዳብሱ፤ ቁራጭ ጨርቅ በጎማው ውስጠኛ ክፍል ዙሪያውን ይሳቡ። ጨርቁ የተያዘበት ቦታ ላይ የእሾሁ ጫፍ አለ። በፒንሳ ሳያወጡት አዲስ የውስጥ ጎማ ቢያስገቡ፣ ብዙ ሳይርቁ እንደገና ይበሳል።

ከመክፈልዎ በፊት

ሚዛን ላይ መጀመሪያ ብቻዎን፣ ቀጥሎ ብስክሌቱን ይዘው ይቁሙ፤ ልዩነቱ እውነተኛው ክብደት ነው። እያንዳንዱን ቸርኬ አንስተው ያሽከርክሩ፤ ከተንገዋለለ ወይም ኩሽኔታው ከጮኸ ይተዉት። የፊት ፍሬኑን ይዘው ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ ይግፉ፤ መሪው ሥር ቋ ካለ ልል ነው። በመጨረሻም ፍሬሙ ላይ የውኃ መያዣ ብሎን ስንት ቦታ እንዳለ ይቁጠሩ። ከሁለት በታች ከሆነ ለዚህ ምድር አልተሠራም።

ሲነሱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሱ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ጥላ ይያዙ። በመንገድ እረኛ ሲያገኙ ወርደው ሰላም ይበሉ። አፋሮች በዳጉ ባህላቸው የመንገዱን፣ የውኃውንና የጎርፉን ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ከየትኛውም ካርታ ይልቅ ትኩስ መረጃ እዚያ ያገኛሉ።

እንግዲህ ገንዘብዎን ለጠንካራ ጎማ፣ ለደህና ቸርኬና ለቀላል ፎርክ ያውሉ። ያተረፉትን ኪሎ ደግሞ በሌላ ዕቃ አይሙሉት፤ ውኃ ይጫኑበት።