ሥራ ለሚጀምር ሰው የተጻፈ ዕቅድ ያስፈልገዋልን?

ዶሮ ለማርባት ወይም ሌላ አነስተኛ የንግድ ሥራ ለማቋቋም የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ ይህ ነው። አንዳንዱ «ዕቅድ የቢሮ ሰዎች ጉዳይ ነው፤ ሥራው ራሱ ያስተምራል» ይላል። ሌላው ደግሞ ገንዘብ ከፍሎ ብዙ ገጽ ያስጽፍና አስጠርዞ ሣጥን ውስጥ ያኖረዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ይሁን እንጂ የፊተኛው ስሕተት የበለጠ ያከስራል።

ነገሩ በዕንቁላል ዶሮ ርባታ ቢታይ ግልጽ ይሆናል። መቶ የአንድ ቀን ጫጩቶች የገዛ ሰው የመጀመሪያውን ዕንቁላል የሚያገኘው ከአምስት ወር ገደማ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ አንዲቱ ሰባት ወይም ስምንት ኪሎ መኖ ትበላለች፤ ለመቶው ሰባት ወይም ስምንት ኩንታል መሆኑ ነው። መጣል ከጀመሩም በኋላ አንዲት ዶሮ በቀን 120 ግራም ያህል ስለምትፈልግ፥ ለመቶው በቀን 12 ኪሎ፥ በወር 3 ኩንታል ከ60 ኪሎ ያስፈልጋል። ገንዘቡን ሁሉ በጫጩት መግዣና በቤት መሥሪያ የጨረሰ ሰው፥ በሦስተኛው ወር መኖ መግዣ ሲያጣ ዶሮዎቹን ገና ሳይጥሉ በርካሽ ይሸጣቸዋል። እንዲህ ያለው ሰው የከሰረው በስንፍና አይደለም፤ አምስቱን ወራት አስቀድሞ በወረቀት ላይ ስላልቆጠራቸው ነው።

ወሩንም መምረጥ ያስፈልጋል። በመስከረም መጀመሪያ የተገዛች ጫጩት መጣል የምትጀምረው በየካቲት ነው፤ ያን ጊዜ ግን 55 ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾም የሚገባበት ወራት ስለሆነ የዕንቁላል ገበያ ይቀዘቅዛል። በኅዳር የተገዛችው ለፋሲካ ሰሞን ትደርሳለች። ለሆቴል ወይም ለማይጾሙ ጎረቤቶች የሚሸጥን ሰው ይህ ብዙም አያሳስበው ይሆናል፤ እንግዲያስ ገዢው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጻፍ። የፈንግል ክትባትም በቢሾፍቱ ይመረታል፤ ወጪው መንጋው ቢያልቅ ከሚደርሰው ጉዳት ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ በሒሳቡ ውስጥ ካልገባ ግን ይረሳል።

በራሱ ገንዘብ ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ዶሮ ለሚያረባ ሰው ይህን ሁሉ ለመያዝ አንድ የደብተር ገጽ ይበቃዋል። እርሱ ጽሕፈት ባያውቅ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጁ ሊጽፍለት ይችላል። የሌላ ሰው ገንዘብ ሲገባበት ግን ነገሩ ይለወጣል። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ለፕሮጀክት ብድር ሲጠየቅ የአዋጭነት ጥናት ይመረምራል። ከወንድሙ ወይም ከባልንጀራው ጋር ገንዘብ ያዋጣም ሰው፥ ማን ምን ያህል እንዳገባ፥ ትርፉ እንዴት እንደሚከፈልና አንዱ ቢወጣ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ማስቀመጥ ይገባዋል፤ ቃል በቃል የተስማሙ ወንድማማቾች በዳኛ ፊት መቆማቸው እንግዳ ነገር አይደለም።

ግምቱ ሲጻፍ መቶ ዶሮ በየቀኑ መቶ ዕንቁላል ትጥላለች ተብሎ አይታሰብ። በሚገባ ከተያዙት እንኳ በቀን ሰማንያ ቢገኝ መልካም ነው፤ ጠንቃቃ ሰው በስድሳ አስቦ ወጪው መሸፈኑን ይመለከታል። በየወሩም መጨረሻ የተገመተውና በእውነት የወጣው ጎን ለጎን ይጻፋል፤ የመኖ ዋጋ ከፍ ያለ እንደ ሆነ የፊተኛው ቁጥር ተሰርዞ አዲሱ ይተካል።