ለአዲስ ፍየል አርቢ የሚያስፈልገው የመድኃኒት ሣጥን

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የተባለው ምክር ለሰው ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ከሰው ጋራ በአንድ ግቢ ለሚያድር እንስሳም ያገለግላል። ልጆቹን ወተት ለማጠጣት ሲል አንዲት ወይም ሁለት ፍየል የሚገዛ የከተማ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ በረትና ስለ መኖ ነው። መድኃኒት ትዝ የሚለው ፍየሊቱ በሌሊት ስትታመም ነው። በዚያን ጊዜም ከቤት የተገኘውን ሁሉ፣ ለልጅ ታዞ የተረፈውን ክኒን እንኳ ሳይቀር፣ ያጠጣታል።

ይህ አድራጎት በሁለት ወገን ይጎዳል። ፍየል አመንዣኪ እንስሳ እንደ መሆኗ መጠን በትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ ሣሩንና ቅጠሉን የሚያብላሉላት ረቂቃን ተሕዋስያን ይኖራሉ፤ በአፍ የተሰጣት ፀረ ተሕዋስያን ክኒን እነዚህን ረዳቶቿን ሊገድልና ከመብላት ሊያግዳት ይችላል። ከመድኃኒቱም ከፊሉ ወደ ወተቷ አልፎ ወተቱን ወደሚጠጣው ሕፃን ይደርሳል። እንግዲህ የፍየል መድኃኒት ሣጥን ስናዘጋጅ የእንስሳዋንም የቤተ ሰቡንም ጤና እንደምንጠብቅ መዘንጋት አይገባም። ስለዚህ በሣጥኑ ውስጥ ሊበዛ የሚገባው የመለኪያና የማጽጃ ዕቃ እንጂ መድኃኒት አይደለም።

1ኛ፤ የመለኪያ ዕቃ

ከሁሉ አስቀድሞ ቴርሞሜትር ይገዛል፤ «የፍየል» ተብሎ ይጻፍበትና ለሰው ከሚያገለግለው ተለይቶ ይቀመጣል። ጫፉ ዘይት ተቀብቶ በፊንጢጣ ይገባል፤ ከተለካም በኋላ በሳሙና ይታጠባል። በጥላ ሥር ያረፈች ጤነኛ ፍየል የሰውነቷ ሙቀት ከ38.5 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ለሰው ትኩሳት የሆነው 39 ዲግሪ ለፍየል ጤና መሆኑን ያላወቀ ሰው ጤነኛዪቱን በከንቱ መድኃኒት ያሠቃያታል።

ሁለተኛው ዕቃ በሚሊ ሊትር የተከፈለ፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ነው። መድኃኒት በማንኪያ ወይም በግምት አይሰጥም። ግልገል ለመመዘን ባለቤቱ ታቅፏት በሚዛን ላይ ይቆማል፤ ቀጥሎም ብቻውን ይመዘናል፤ ልዩነቱ የግልገሏ ክብደት ነው። መድኃኒቱ ሲጋት ራሷን ወደ ላይ ማንጋጠጥ አይገባም፤ ወደ ሳንባዋ ይገባልና። ከአፏ ጎን በኩል ቀስ እየተባለ ይሰጣል።

ሦስተኛው ደብተር ነው። የተወለደችበት፣ የተከተበችበት፣ መድኃኒት የወሰደችበት ቀንና መጠኑ ይጻፍበታል።

2ኛ፤ የማጽጃና የቁስል ዕቃ

ሳሙና፣ ጥጥ፣ ጎዝ፣ ፋሻ፣ መቀስ፣ ጓንትና አዮዲን በንጹሕ ከረጢት ይቀመጣሉ። ቁስል አስቀድሞ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይታጠባል፤ ከዚያ በኋላ ይታሰራል። ግልገል እንደ ተወለደ እትብቱ በአዮዲን ይነከራል፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶችም እንገር ይጠባል፤ በሽታ የሚከላከልለትን ኀይል የሚያገኘው ከዚህ ነውና።

ፍየል የሚያዋልድ ሰው ጓንት ያድርግ። የእንግዴ ልጁና የተጨናገፈ ሽል በባዶ እጅ አይነካም፤ ውሻ እንዳያወጣው በጥልቅ ይቀበራል። ነፍሰ ጡር ሴት ከዚህ ሥራ መራቅ አለባት።

3ኛ፤ ሐኪም እስኪደርስ የሚያገለግል

ተቅማጥ ለያዘው ግልገል በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ተበጥብጦ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ይሰጠዋል፤ የእናቱን ወተት ግን አይከለከልም። እርጥብ መኖ አብዝታ በልታ ግራ ጎኗ ለተነፋ ፍየል 100 ሚሊ ሊትር ያህል የምግብ ዘይት ይጋታል፤ ቶሎ ካልጎደለላት ሐኪም ሳይጠራ ማደር የለበትም።

4ኛ፤ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚገባ

የትል መድኃኒት፣ የመዥገርና የእከክ መድኃኒት ከእንስሳት ሐኪም ታዝዞ ይገዛል። የታችኛውን የዓይን ቆብ ገለጥ አድርጎ መመልከት ጥሩ ልማድ ነው፤ ውስጡ ቀይ ከሆነ መልካም፤ ከነጣ ደም የሚመጥ የሆድ ትል ሊኖርባት ይችላል። የትል መድኃኒት ከታዘዘው አሳንሶ መስጠት ትሉን መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርገዋል።

ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መጠበቅ ስላለበት በቤት ሣጥን አይቀመጥም። የባለቤቱ ፋንታ በአካባቢው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ሄዶ ስለ አባ ሰንጋ፣ ስለ ፍየል ሳንባ በሽታ፣ ስለ ፍየል ፈንጣጣና ስለ በግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ ክትባት ቀኑን መጠየቅና በደብተሩ መጻፍ ነው።

5ኛ፤ ስለ ወተቱ

በመድኃኒቱ ብልቃጥ ላይ፣ ከመጨረሻው መድኃኒት ጀምሮ ወተቱና ሥጋው ለስንት ቀን ለሰው እንደማይሰጥ ተጽፏል። ካልተጻፈ ሐኪሙ ይጠየቃል። እስከዚያ ቀን ድረስ በፍየሊቱ አንገት ላይ ቀይ ጨርቅ ቢታሰር የሚያልበው ሁሉ ያስታውሳል። ወተቱን ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ የገባውን መድኃኒት አያስወጣም፤ ለፔኒሲሊን ሰውነቱ የማይስማማ ሰው በዚህ ሊጎዳ ይችላል።

መድኃኒት ያልወሰደችም ፍየል ወተቷ ሳይፈላ አይጠጣም። በውጭ አገር ስንማር የተነገረን የማልታ ደሴት ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1887 ዴቪድ ብሩስ የተባለ ሐኪም በደሴቲቱ ወታደሮችን የሚገድለውን የትኩሳት ተሕዋስ አገኘ፤ መነሻው ግን አልታወቀም ነበር። በ1905 የማልታው ተወላጅ ቴሚስቶክሊስ ዛሚት ጤነኛ በሚመስሉ ፍየሎች ደም ውስጥ የበሽታውን ምልክት አገኘ። በ1906 ወታደሮቹ የፍየል ወተት መጠጣት ሲከለከሉ በሽታው በመካከላቸው እጅግ ቀነሰ። ዛሬ ብሩሴሎሲስ የምንለው ይህ በሽታ ነው፤ ፍየልን ያስወርዳል፤ በሰው ላይም የሚመላለስ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል።

6ኛ፤ ስለ አቀማመጡ

ሣጥኑ ቁልፍ ያለው፣ ልጅ ከማይደርስበት ከፍ ብሎ በደረቅና ፀሐይ በማያገኘው ቦታ የሚሰቀል ይሁን። የመዥገር መድኃኒት ከመጣበት ዕቃ ወደ ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ፈጽሞ አይገለበጥ፤ የተጠማ ልጅ ጠርሙሱን እንጂ መርዙን አያውቅምና። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ወደ ክሊኒኩ ይመለሳል፤ ያገለገለ መርፌም በጠንካራ ቆርቆሮ ተከድኖ ይቀመጣል።

ፍየል በድንገት ሞታ ከአፍና ከአፍንጫዋ ጥቁር ደም ቢታይ አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል አትገፈፍ፣ አትታረድ፣ ሥጋዋም አይበላ፤ ለእንስሳት ሐኪም ወዲያው ይነገር።

ለመምህራን፦ በክፍል ውስጥ ተማሪዎችን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ።

1. ሐኪም ለ10 ኪሎ ግራም ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ቢያዝዝ፣ 25 ኪሎ ግራም ለምትመዝን ፍየል ስንት ይሰጣል?
2. ፍየሊቱ ሰኞ ጧት የመጨረሻውን መድኃኒት ወስዳ ወተቷ ለ7 ቀን ቢታገድ፣ ቀዩ ጨርቅ የሚፈታው መቼ ነው?
3. በቤታችሁ በለስላሳ ጠርሙስ የተቀመጠ መርዝ አለን?

ለሦስተኛው ጥያቄ መልሱን ልጆቹ ዛሬውኑ ከቤት ፈልገው ያምጡ።